ከታች ሦስት ቀዳዳ

ካሴ ኮሶ በጠጣ በሁለት ሰዓቱ ሞተ።

ወሬ በደብረ ማርቆስ ከፖሊስ መኪና ይፈጥናል። ኢንስፔክተር አይናዲስ ከካሴ የፕላስቲክ መሰብሰቢያ ግቢ ስትደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቆ ነበር። በሩ ላይ ከተሰበሰበው ሰው ገሚሱ «ኮሶው በዛበት» ይላል፤ ገሚሱ «ሚስቱ አበዛችበት» ይላል። ጊዜው ኅዳር 2004 ዓ.ም.፣ ቀኑ ሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነበር።

ሟቹ በቢሮው ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አይናዲስ ተንበርክካ የዐይኑን ቆብ ገለጠች፤ ብሌኑ ጠብቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ኮሶው የተጠጣበት ቅል ጠረጴዛው ላይ አለ። አንስታ አሸተተችው፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ገልብጣ ቂጡን አየች።

ሳጅን ዓባይ ሳቁን ዋጠ። አይናዲስ ቁይ ገበያ ያደገች የሸክላ ነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ ቂጡን ሳታይ የተቀበለችው ማሰሮ የለም፤ ልጅቱም ልማዱን ይዛው ፖሊስ ቤት ገባች። ጣቢያ ውስጥ ሻይ ሲመጣላት «ኧረ መጀመሪያ ብርጭቆውን ገልብጡላት» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራቸው ትስቃለች፤ መገልበጧን ግን አትተውም።

«ኮሶ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል» አለች ቅሉን ለሳጅኑ እያቀበለች። «ብሌን ሲያጠብብ ግን አላየሁም። እስቲ አሽትተው።»

ሳጅኑ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይኼማ ማሳ ላይ የምንረጨው ነው። የተባይ መድኃኒት!»

«ሰውየው ግን አላወቀውም። ኮሶ አፍንጫን ይዞ ባንድ ትንፋሽ ነው የሚጨለጠው።»

በዚያ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው ለአንድ ቀን ከሰው ተራ ይወጣል። ቢያቃስት፣ ቢያስመልስ፣ ግድግዳ ቢደበድብ ማንም ደጁን አይነካም። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባላል፤ እንግዳውም ተመልሶ ይሄዳል። ካሴ በየሁለት ወሩ አንድ ሰኞ ቢሮውን ዘግቶ ይጠጣ ነበር፤ የዚያን ቀን ግቢው አይገዛም፣ አይሸጥም። ገዳዩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ካሴ ሲሞት ያቃሰተውን የሰሙ ሰዎች «ዛሬ ያዘው» ብለው ስቀው ነበር።

ሬሳውን ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ገዳሙ ነው። ጠብመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ከበሩ ሥር ቆሟል።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። «ኮሶውን የወቀጠችው ሚስቱ ወለተ ሰንበት ናት። እኔ ሴት አልገድልም። ወንድም ግን አላት፤ ድረስ ይባላል፣ ይጁቤ ነው። እስከ ሣልስቱ፣ እስከ ረቡዕ እጠብቃለሁ። መንግሥት ሌላ ሰው ካላሳየኝ ይጁቤ እወርዳለሁ።»

«አሁን ላስርህ እችላለሁ።»

«ይሰሩኝ። ሦስት የአጎት ልጆች አሉኝ።»

ቢፎክር ኖሮ አይናዲስ ባልፈራች ነበር። እሱ ግን የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

ወለተ ሰንበት ከለቀስተኛው መሐል ወጥታ የአይናዲስን እጅ ያዘች። «እኔን እሰሩኝ። ብቻ ወንድሜን አድኑልኝ። ድረስ አራት ልጆች አሉት፤ ምንም ሳያውቅ ማሳው ላይ ይደፉታል።»

«እትዬ ወለተ ሰንበት፣ ኮሶውን የት ወቀጡት?»

«ከቤቴ። በጠላ በጥብጬ በቅል አመጣሁለት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ከድኜ አስቀምጬ ኪዳን ላደርስ ሄድኩ። እሱ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ጠጣው አሉ።»

ቅሉ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠባቂ አልነበረውም ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ግቢውን የረገጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የካሴ ሸሪክ ጌቾ፣ የከተማው የደንብ ተቆጣጣሪ ፍቅረ ሥላሴና ዕቃ የምትለየው ሠራተኛ ሥራነሽ።

አይናዲስ መጀመሪያ ጌቾን ጠየቀች። ጌቾ የአይሱዙው ባለቤት ነው፤ ካሴ የሰበሰበውን ፕላስቲክ ለፋብሪካ የሚያደርሰው እሱ ነበር።

«እኔ መኪናዬን እያጠብኩ ነበር» አለ። «ብርዱ አይጣል ነው፤ ሥራነሽ ከሰል አቀጣጥላ ስለነበር አንድ ሁለቴ እጄን አሞቅሁ። ቢሮ አልገባሁም።»

«ከካሴ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ከማን ጋር ያልተጣላ አለ? በቅርቡማ እብድ ሆኖ ነበር። ከኋላው መጋዘን ደህና ደህናውን ጀሪካን አንድ ሰው ይበሳብን ነበር። ከታች፣ ዐይን የማያርፍበት ቦታ። ሁለት ዘበኛ አባረረ፤ መበሳቱ ግን አልቆመም።»

«ቆይ እንጂ፣ ደንቡስ ብሱ አይደል የሚለው?»

ጌቾ አንገቱን አከከ። መንግሥት ስስ ፌስታልን ከከለከለና ያገለገለ ፕላስቲክ ዳግም ፋብሪካ እንዲገባ ካዘዘ ወዲህ ካሴ ባለጊዜ ሆኖ ነበር። ከተማው ደግሞ አንድ ደንብ አክሏል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ይበሳል፣ ከዚያ ለመፈጨት ይላካል። የሚበሳውም ማንም ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀዳበት ነው።

«ከፊት ያለው ክምር ይበሳል፤ ለተቆጣጣሪ የሚታይ ነዋ» አለ ጌቾ በመጨረሻ። «ከኋላ ያለው በሳሙና ታጥቦ ሳይበሳ፣ ሙሉውን ገበያ ይወርዳል። ሙሉው ከተበሳው ብዙ እጥፍ ያወጣል። እኔ አልሸጥኩም፤ ገበያ የሚያዞረው ገዳሙ ነው። ካሴ የዘይት ዕቃ ነው ይለው ነበር።»

አይናዲስ ይህን ስትሰማ ሟቹን ጠላችው። የሞተ ሰው መጥላት ለሥራዋ እንደማይበጅ ታውቃለች፤ ቢሆንም ጠላችው።

መጋዘኑን አስከፈተችና ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር። ሳጅኑ «የሸክላ ተራ መሰለ እኮ» ብሎ ሊቀልድ አለና ትቶ ያግዛት ጀመር። ከመጋዘኑ ዕቃ ሲሦው ያህል ከታች ተበስቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በጉልቻ ቅርጽ። የቀዳዳዎቹ ከንፈር ቀልጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የተበሳው በጋለ ብረት ነው።

ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ዞረች። ግቢው ሁሉ ተጠርጎ የመጥረጊያው ጭረት ይታያል፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ግን አንድ ክንድ ያህል መሬት ጭረት የለበትም፤ በእግር ተረግጦ ተደልድሏል። ሳጅኑ ቆፈረው። በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ፣ ሁለቴ የተቋጠረ የአንድ ሊትር የመድኃኒት ጠርሙስ ወጣ። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ሽታው ቅሉ ላይ ያለው ነው።

አይናዲስ በጨርቅ ይዛ ገለበጠችው። ከታች ሦስት ቀዳዳ አለው።

«ግቢው ሞልቶ የለ እንዴ የተበሳ ዕቃ» አለ ሳጅኑ።

«የተበሳ ዕቃ ይከመራል እንጂ ይቀበራል? ደግሞስ ተበስቶ ቢሆን መድኃኒቱን ምን ይዞ አቆየው? የተበሳው ከተቀዳ በኋላ ነው። ሰው መርዞ የሚሸሽ ሰው ቆሞ ጠርሙስ ይበሳል?»

ፍቅረ ሥላሴ ማክሰኞ ጠዋት ራሱ ጣቢያ መጣ። ቀጭን፣ ቶሎ የሚደነግጥ ወጣት ነው።

«ሰኞ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮው ገብቼ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «መጋዘኑ እንደሚታሸግ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ወጣሁ። ቅሉን አይቼዋለሁ፤ አልነካሁትም። ካሴ ሰድቦኛል፣ ገፍትሮኛል፣ ያው አገር ያውቃል።»

«አንድ ዕቃ ብትበሳ እንዴት ነው የምትበሳው?»

ፍቅረ ሥላሴ ግራ ገባው። ከኪሱ ሰንጢ አወጣና ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሆዱን በመስቀለኛ ሰነጠቀው። «ለሁሉም የማሳየው እንዲህ ነው። ያስተማሩንም እንዲህ ነው።»

«መጋዘኑን ለማሸግ ምን ማስረጃ አገኘህ?»

ከቦርሳው የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። የጻፈችው ሉማሜ የምትሠራ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ሞቷል፤ ስሙ ኪዳነ ማርያም። ሳል ይዞት እናቱ ከገበያ በተገዛ ጀሪካን ጸበል ቀድታ ሦስት ጠዋት አጠጣችው። ነርሷ ጀሪካኑን ብታሸተው የተባይ መድኃኒት ነበረበት።

«ደብዳቤው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ዘጠኝ ወር» አለና አንገቱን ደፋ። «ወዲያ ወዲህ ሲንከባለል እኔ ጋ የደረሰው በዚህ ወር ነው።»

አይናዲስ ወደ ነርሷ ስልክ ደወለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱንም ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራነሽን ክምሩ ሥር ቁጭ ብላ አገኘቻት። የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

«ውሃ ልስጥዎ?» አለች ሥራነሽ። ከጎኗ ያለውን ቅል አነሳች።

«እዚህ ሁሉ ጀሪካን መሐል በቅል ትጠጫለሽ?»

«ለምጄ ነው።»

«ሐዘንሽ የማን ነው?»

«የቤተሰብ።»

«ሰኞ ጠዋት ምን ሠራሽ?»

«ጠረግሁ። ኮሶ የሚጠጣ ቀን ሌላ ሥራ የለም።»

«እሳትስ?»

ሥራነሽ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ብርድ ነበር» አለች።

አይናዲስ ውሃውን ጠጥታ አመሰገነችና ወጣች። መንገድ ላይ ሳጅኑ ምነው አላሰርናትም ቢላት «ገና ነው» አለችው። ሥራነሽን ብቻ ወስዳ ብታስር ገዳሙ «መንግሥት ደሀ ፈልጎ ለጠፈብን» ብሎ ይጁቤ ይወርዳል። ነገሩ በእሱ ፊት፣ በጆሮው እየሰማ መፈታት አለበት።

ረቡዕ ሣልስቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን አይናዲስ አምስቱን ሰዎች ግቢው ውስጥ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን አስቀረች። ወለተ ሰንበት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ጌቾና ፍቅረ ሥላሴ አንድ አግዳሚ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሥራነሽ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ገዳሙ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ «የይጁቤ መኪና ስምንት ሰዓት ይነሳል» አለ።

«ይደርሳል» አለች አይናዲስ። ጠርሙሱን ከከረጢት አውጥታ ወንበር ላይ ገልብጣ አቆመችው። «ካሴን የገደለው ይህ ነው። የተቀበረው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነው። ገዳዩ ሦስት ጊዜ በስቶታል፤ የበሳውም መርዙን ከቀዳ በኋላ ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ የምጠይቀው ለምን በሳው ብዬ ነው።»

ወደ ወለተ ሰንበት ዞረች።

«ከእትዬ ወለተ ሰንበት እንጀምር። ኮሶውን የወቀጡት ቤታቸው ነው። መርዝ ሊጨምሩ ቢፈልጉ ጓዳቸው እያለ ጠርሙስ ይዘው እዚህ ግቢ ምን አመጣቸው? ቅሉን አስቀምጠው ወዲያው ኪዳን ሄደዋል፤ ካህኑም ምእመኑም አይቷቸዋል። ጉድጓድ ለመቆፈር ጊዜ አልነበራቸውም።»

ገዳሙ ቅንድቡን ሰብስቦ ሰማ።

«ጌቾ መደበቅ ቢፈልግ መቆፈር አያስፈልገውም። መጋዘኑ ይህን በመሰለ ዕቃ ሞልቷል፤ ሳይበሳ ወርውሮት ይሄዳል። ደግሞ ጌቾ ዕቃ ሲበሳ ሆዱን የሚያመው ሰው ነው።»

«እውነት ነው» አለ ጌቾ፤ ወዲያው አፈረ።

«ፍቅረ ሥላሴ መብሳት ይወዳል። ግን በሰንጢ፣ በመስቀለኛ። ይህ የተበሳው በጋለ ወስፌ ነው፤ ከንፈሩ ቀልጧል። ደግሞም ሊገድል የመጣ ሰው ሰዓትና ፊርማ ያለበት ወረቀት ከመርዙ አጠገብ አያኖርም። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ከሰል ያቀጣጠለው ማን ነው? ጌቾ እጁን ያሞቀው በማን እሳት ነው? ከመጋዘኑ ዕቃ ሲሦውን በስውር፣ ከታች፣ ሦስት ሦስት እያደረገ የበሳው ማን ነው? ያው እጅ ነው።»

ሁሉም ወደ ምሰሶው ዞሩ።

«ሥራነሽ» አለች አይናዲስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጠርሙሱን ሳትበሺ ብትተዪው ኖሮ አላገኝሽም ነበር። በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ፣ ሁለቴ ቋጥረሽ፣ ቀበርሽው። ቢወጣ እንኳ ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት በሳሽው። አንድ ሰው ልትገድዪ መጥተሽ ሌላ ማንም እንዳይነካ ስትጠነቀቂ ነው የተያዝሽው። የሉማሜዋን ነርስ የሞተው ሕፃን እናት ስም ማን ነው አልኳት። ያንቺን ነገረችኝ።»

ሥራነሽ አላለቀሰችም፤ አልካደችም።

«በእጄ ነው ያጠጣሁት» አለች። «በባዶ ሆዱ፣ በስመ አብ ብዬ። ሲያንገሸግሸው ጸበል አይናቅም ብዬ ተቆጣሁት። ሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰዉ እግዜር ወሰደው አለኝ። እግዜር አልወሰደውም! መርዙ ከዚህ ግቢ ነው የወጣው። ተከትዬ መጣሁ። ሥራ በገባሁ ሳምንት ካሴን ጠየቅሁት፤ በዚህ ጀሪካን ልጅ ቢጠጣስ አልሁት። የሸተተው አይግዛ አለኝ። ሳቀ። የዚያን ቀን ቆረጥሁ። የበሳሁትን በሳሁ፤ ለእሱ ደግሞ ለልጄ የሰጠሁትን ሰጠሁት። ደጅ ሆኜ ሲያቃስት ሰምቻለሁ። አልጸጸትም። ነገም አልጸጸትም።»

ወለተ ሰንበት ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። ሴትዮዋን ልትረግም አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ገጠመችው።

ገዳሙ ተነሣ። ጠብመንጃውን ጨብጧል። ሳጅን ዓባይ ከፊቱ ሊገባ ሲል አይናዲስ በዐይኗ ከለከለችው።

«ጀሪካኑን ማን ሸጠልሽ?» አለ ገዳሙ።

ሥራነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው። «አንተ።»

«እኔ?»

«ሉማሜ፣ ከከብት ተራው አጠገብ። ምን ነበረበት ብዬ ጠይቄህ ነበር። ዘይት አልኸኝ። ስድስት ወር እዚህ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ መልኬን አላወቅኸውም።»

«ወንድሜ የዘይት ነው ብሎኝ ነው። በእመቤቴ፣ አላውቅም ነበር።»

«ሲዋሽህ ሰምቼዋለሁ። ባታውቅ ነው ዛሬ በሕይወት የቆምኸው።»

ገዳሙ ወደ ኋላው አግዳሚውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ደም ሊመልስ የመጣ ሰው የነበረው ቁጣ ከፊቱ ላይ ሄዷል፤ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነው።

«ቤቴ ከዚያው ጀሪካን ሁለት አለ» አለ። «ትንሿን ለዜማ፣ ለልጄ ሰጥቻታለሁ። ትምህርት ቤት ውሃ ትይዝባታለች።» ወደ ሥራነሽ ዞረ። «ልጅሽን… መጀመሪያ ምኑን አመመው?»

ሥራነሽ ዝም አለች። የዚያ ቤት ሰው እንዲህ ብሎ እንዲጠይቃት ስትመኝ ከርማለች፤ አሁን ዝምታው ጣፈጣት። አይናዲስ ፊቷ ላይ ደስታውን አየችው፤ ቀጥላም ደስታው ሲጠፋ አየች።

«ምራቁን» አለች ሥራነሽ። «ምራቁ አልቆም አለው። ከዚያ እግሩ ከዳው። ምን ትቀመጣለህ? ሩጥ!»

ገዳሙ ጠብመንጃውን አግዳሚው ላይ ጥሎ ሮጠ።